አራት ጎማ ይዤ ወደ ደባርቅ

ከጎንደር የወጣሁት በኅዳር መጨረሻ፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው። የጉዞዬ ዓላማ ሁለት ነበር፤ ደባርቅ ላይ በድንጋይ ተደግፋ የቆመችውን የሆስፒታላችንን መኪና ጎማ ቀይሮ ማምጣትና በዚያው ከተማ የታሰረውን ሾፌራችንን አያ ደሳለኝን ማስፈታት። የላኩኝ ሰዎች መኪናዋን አስቀድመው ነበር። እኔ ደግሞ በሆዴ ሰውየውን አስቀድሜ ወጣሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ነገሩ ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ዛሬም ሳነሣው ግን ደሜ ይፈላል።

እኔ ያን ጊዜ የሆስፒታሉ የስምሪት ኃላፊ ነበርኩ። መኪናዋ የአንድ መስፍን ንብረት የነበረች፣ ተወርሳ ለእኛ የተሰጠች ጥቁር የጀርመን አውቶሞቢል ናት። ረጅም ናት፤ ከባድ ናት፤ በሯን ለመዝጋት እንኳ ትከሻ ትፈልጋለች። የሞተሯን ጉልበት የኮሶዬን ዳገት በእሷ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጂፓችን ለዘመቻ ከተወሰደ ወዲህ መድኃኒትና ሐኪም ወደ ወረዳዎቹ የምታመላልሰው እሷ ነበረች።

ጎማዋ ያለቀ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ምን አደረገ መሰላችሁ? ስብሰባ ጠራ! በመንግሥት መደብር የተገኘው ጎማ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ለትንንሾቹ ታክሲዎች የሚሆን ስስ ጎማ፣ ሌላው የውስጥ ክሩ ድርብ የሆነ፣ ከባድ መኪና የሚሸከም። ሁለቱም በአንድ ቸርኬ ላይ ይገባሉ። ተነሥቼ «ልኩ አንድ ቢሆንም ሸክሙ አንድ አይደለም፤ ይህች መኪና ባዶዋን ሁለት ታክሲ ታክላለች» አልኩ። የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ፈገግ ብሎ ወደ ተሰብሳቢው ዞረ።

«ጓዶች፣ ሰፊው ሕዝብ የሚሳፈርበት ታክሲ የሚሄድበት ጎማ፣ ለመስፍን መኪና አነሰ ነው የሚባለው?»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እጅ ተቆጠረ፤ ታክሲው አሸነፈ። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ለአንድ በሽተኛ የሚሰጠውን መድኃኒት በድምፅ ብልጫ እንወስን ብላቸው ከክፍላቸው የሚያባርሩኝ ሐኪሞች ናቸው! ስኮርታ፣ ማለትም ተለዋጭ ጎማ፣ ደግሞ ቅንጦት ነው ተብሎ ሳይገዛ ቀረ።

ወር ሳይሞላ፣ አያ ደሳለኝ መድኃኒት ጭኖ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሊገባ ሲል የኋላው ቀኝ ጎማ ፈነዳ። መኪናዋ ተንሸራታ ቦይ ገባች። እሱ መሪውን አንቆ ባይዝ ገደል ትገባ ነበር። የደባርቅ ፖሊስ ጣቢያ ግን «አዲስ ጎማ በራሱ አይፈነዳም፤ ይህ አሻጥር ነው» ብሎ አሰረው። ያን ጊዜ አሻጥር የተባለበት ሰው መጨረሻው አይታወቅም። ጎማውን በጭብጨባ የመረጡት ጓዶችስ? «ጉዳዩን ፖሊስ ያጣራው» ብለው ተቀመጡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

አዘዞ

ወደ ሰሜን ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ መውረድ ነበረብኝ። የመንግሥት መደብሩ «አሮጌውን ጎማ ካልመለሳችሁ አዲስ አይሰጥም» ይላል። አሮጌው ደግሞ ደባርቅ ፖሊስ ጣቢያ በኤግዚቢትነት ተይዟል። ጣቢያው ሾፌሩ ሳይፈረድበት ጎማውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ከሚሆናት ጎማ ጋር አስተያይቼ ካላሳየሁ ሾፌሩን ማስፈታት አልችልም። ይህን ሁሉ ለመደብሩ ኃላፊ አስረዳሁት። «መመሪያው ነው» አለኝ፣ ጥርሱን በስንጥር እየፋቀ።

ስለዚህ አዘዞ ወርጄ አቶ ሰይድ የሚባሉ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ጎማ ሲነፉና ሲለጥፉ የኖሩ ናቸው፤ አሮጌ ጎማም ይሸጣሉ። በር ላይ የደረደሯቸው ጎማዎች ያብረቀርቃሉ። አንዱን በጣቴ ብዳብሰው ጣቴ ጠቆረ።

«አቶ ሰይድ፣ ጎማ ነው ወይስ ጫማ የሚሸጡልኝ? ይህ እኮ የጫማ ቀለም ነው።»

ሳቁ። «ገዢ ሁሉ ጥቁር ካልሆነ አይወድም። እኔ ምን ላድርግ?»

ሁለተኛውን አነሣሁ፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ጥርሱን በቢላ እንደገና ቀርጸውታል፤ ከሥር ክሩ ብቅ ብሏል። ሦስተኛው ፀሐይ ላይ ከርሞ ጎኑ ተሰነጣጥቋል። መለስኳቸው። የምፈልገው ጎማ ምን ዓይነት መኪና እንደሚሸከም፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድና ማን እንደታሰረበት ስነግራቸው ሳቃቸውን አቆሙ።

«ደሳለኝ? የሆስፒታሉ? አውቀዋለሁ። ጎማ ሲያስነፋ ወንበሩ ላይ አይጠብቅም፤ ወርዶ አጠገቤ ይቆማል። ና እስቲ ግባ።»

ከውስጥ፣ በጆንያ ከተሸፈነ ጥግ፣ አቧራ የጠገቡ ግራጫ ጎማዎች አወጡ። የአንድ የመንገድ ሥራ መኪና የነበሩ ናቸው። በአውራ ጣቴ ጎናቸውን ተጫንኩት፤ አልበገር አለ። ከንፈራቸውን በሁለት እጄ ፈልቅቄ ውስጣቸውን በባትሪ አየሁ፤ ከአንዲት የሚስማር ልጥፍ በቀር ንጹሕ ነው። አራቱን መርጬ ከመሥሪያ ቤቱ በተሰጠኝ ገንዘብ ከፈልኩ።

«ውበት የላቸውም እንጂ የሊማሊሞን ቁልቁለት እንኳ አይፈሩም» አሉ አቶ ሰይድ። በየጎማው ውስጥ ገብቶ የሚነፋ አራት ከመነዳሪ ጨምረው አሰሩልኝና የእሱን ዋጋ አልቀበልም አሉ።

በአውቶቡስ

በማግሥቱ ጎማዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። የአውቶቡሱ ረዳት «እነዚህ የአራት በግ ቦታ ይይዛሉ፤ የበግ ይከፈልባቸዋል» አለ፤ ከፈልኩ። ኮሶዬ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ። ከታች ቆላው በጉም ተሸፍኗል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ቀና ብለው አውቶቡሱን ያያሉ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሻይ ጠጥቼ ትኩስ ድፎ በላሁ፤ በዚያ ቀን ያላናደደኝ ነገር ቢኖር ያ ድፎ ነው።

ከዚያ ኬላ መጣ። ሁላችንም ወረድን። አንድ ወታደር ጣራ ላይ ወጥቶ ጎማዎቼን በጠመንጃው ሰደፍ መታ መታ አደረገ።

«ውስጡ ምን አለ?»

«አየር እንኳ የለውም» አልኩ።

ከተሰለፍነው አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ወዲያው በጋቢው አፉን ሸፈነ። በገዛ አገሩ፣ በገዛ መንገዱ፣ ስለ ባዶ ጎማ መሳቅ የሚያስፈራበት ዘመን ነበር።

ዳባት ላይ የአያ ደሳለኝ ባለቤት ወይዘሮ ይመኙሻል ተሳፈሩ። አስቀድሜ መልእክት ልኬባቸው ነበር። ስንቅ የቋጠሩበትን አገልግል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እንዴት ነው አያ ደሳለኝ?» አልኳቸው።

«ከስቷል። ጎማው አዲስ ከሆነ ምነው ፈነዳ እያሉ ያደርቁታል። ኧረ እኔስ ጎማ ምን አውቄ!»

«ጎማው ለዚያች መኪና የሚሆን አልነበረም። እኔ አውቀው ነበር።»

ዞር ብለው አዩኝ። «ካወቁ ምነው ያኔ አልተናገሩ?»

«ተናግሬ ነበር።»

«ታዲያ ማን ሰማዎት?»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከአንድ አዳራሽ ሙሉ የተማረ ሰው መካከል ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አለመኖሩ እስከ ደባርቅ ድረስ ሲያንገበግበኝ ሄደ።

ደባርቅ

የደባርቅ ነፋስ አቧራውን ከመሬት እያነሣ ፊት ላይ ይበትናል። መኪናዋ በጣቢያው ግቢ ቀኝ ጎኗን በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች፤ ጥቁሩ ቀለሟ አመድ መስሏል። አያ ደሳለኝን ከሩቅ አሳዩኝ። ጢሙ አድጓል፤ እጁን አነሣልኝ፤ እንዳወራው ግን አልተፈቀደልኝም።

የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ነው፤ ካፖርት የደረበ፣ ድምፁ የማይጮህ ሰው። ስለ ክርና ስለ ሸክም አስረዳሁት። «ይህ ሁሉ ወሬ ነው» አለኝ። እኔም «እንግዲያስ በዓይንዎ ይዩ፤ ሰዎች ያውሱኝ» አልኩት።

በክሪክ አነሣኋት። በቀኝ በኩል ከእኔ ጎማዎች ሁለቱን ገጠምኩ፤ በግራ በኩል ስብሰባው የመረጣቸውን ሁለቱን ተውኳቸው። አራቱንም እኩል ነፋኋቸውና ድንጋዩን አወጣሁ። ከዚያ የጣቢያው ሰዎች ከመጋዘን የስንዴ ጆንያ አምጥተው ከኋላ ጫኑ፤ በመድኃኒት ሣጥኑ ምትክ መሆኑ ነው። ሦስት ፖሊሶችም ገብተው ተቀመጡ።

«አሁን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ።»

መቶ አለቃው ካፖርቱን ሰብስቦ ጎንበስ አለ። በቀኝ ያሉት ቀጥ ብለው ቆመዋል። በግራ ያሉት ጎናቸው ተጣጥፎ ሆዳቸውን መሬት ላይ ዘርግፈዋል፤ ቸርኬው አፈሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ጆንያውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ፤ አሁንም በቀኝ ያሉት አልተንበረከኩም። በመጨረሻ ራሱ ገብቶ ተቀምጦ ወረደ።

«ይህን ጎማ የመረጠው ማን ነው?»

«ስብሰባ ነው።»

«ስብሰባ ይታሰራል እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ፖሊሶቹም ሳቁ።

ወይዘሮ ይመኙሻል አገልግላቸውን እንደያዙ ከአጥሩ ሥር ተናገሩ። «ጌታዬ፣ ስብሰባ ካልታሰረ ሾፌሩ ምነው ታሰረ?»

ሳቁ ቆመ። መቶ አለቃው የቀሩትንም ሁለት ጎማዎች እንድገጥም አዘዘኝ። ደስ ብሎኝ ገጠምኩ። ደስታዬ ምላሴን ሳይፈታው አልቀረም።

«አሁን ሊማሊሞን ትወርዳለች?» አለኝ።

«እንዴታ!»

«እስከ ድብ ባሕር?»

«ድብ ባሕር ወርዳ እንዲሁ ጭና ትመለሳለች። ይህን ጎማ እኔ ነኝ የመረጥኩት» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

መቶ አለቃው ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «እንግዲያው መኪናዋ ለግዳጅ ትፈለጋለች። ሾፌሩን ይዘህ ሂድ።»

«የሆስፒታል መኪና እኮ ናት! መድኃኒት የምታደርስ ናት! ከሷ በቀር የለንም!»

«ካልፈለግህ መኪናዋን ይዘህ ተመለስ። የሾፌሩ ምርመራ ይቀጥላል።»

አሁን በዓይኑ አይቶ ንጹሕነቱን ያረጋገጠለትን ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ሞፈሩን ደግሞ ጠርቤ፣ አስተካክዬ፣ ተሸክሜ የመጣሁት እኔው ነኝ። አጥሩ ሥር የቆሙትን ሴት አየሁ። ከጎንደር ይዤው የመጣሁትን የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ እጁ ላይ ላስቀምጥለት አልፈለግሁም።

መልስ

አያ ደሳለኝ ተፈቶ ዳባት በቤቱ አደረ፤ እኔም እዚያው አደርኩ። በማግሥቱ በእህል ጭነት መኪና ላይ ከጆንያው መሐል ተቀምጠን ወደ ጎንደር ተመለስን። ገደብዬ ስንደርስ አያ ደሳለኝ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ታከለ» አለኝ፣ «አራቱንም ሸጋ ጎማ መረጥህ። አንዱን እንኳ መናኛ ብታደርገው መኪናችን ዛሬ ከኛ ጋር ነበረች፣ አይዶል?»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በደህና ጊዜ የመረጥኩትን ጥሩ ጎማ ጭብጨባ ከለከለኝ፤ በክፉ ጊዜ የመረጥኩትን ደግሞ ጥሩነቱ ነጠቀኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ትምህርቱን ግን ማንም ሰው እንዲማረው አልመኝም። ሰው ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ በማወቁ የሚቀጣበት አገር መሆን የለብንም ነበር።

ጎንደር ስንደርስ ወደ ማረፊያችን አላሳለፉንም። ኮሚቴው ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው ተባልን፤ ከነአቧራችን ገባን። አያ ደሳለኝ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ኮቱ ከትከሻው ሰፍቶታል። እንኳን ለዚህ አበቃህ ያለው የለም። ቀና ብሎ ያየውም የለም።

«ጓድ ታከለ፣ መኪናዋ የት አለች?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ለግዳጅ ትፈለጋለች ተብላ ደባርቅ ቀረች።»

«አራቱ ጎማዎችስ? በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የተገዙት ጎማዎች ምን ላይ ዋሉ?»

የአያ ደሳለኝን ክንድ ይዤ ወደ ጠረጴዛው ፊት አመጣሁት። ክንዱ በእጄ ውስጥ ቀጥኖ ተሰማኝ።

«ይኸውላችሁ» አልኩ፤ «እሱ ላይ ዋሉ። አሁን መቀመጫ ስጡት።»

ሁሉም ወረቀታቸውን ማየት ጀመሩ። ከወንበሩ የተነሣ አልነበረም። ለእኔ የተዘጋጀውን ወንበር ስቤ አስቀመጥኩትና ስብሰባው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆሜ ዋልኩ።