የኮንጎው ተከራዬ መርዶ

ይህ የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነው። ዛሬም ሰው ሞተ ተብሎ ነጠላዬን ሳዘቀዝቅ ቀድሞ የሚመጣብኝ የዚያ ሰውዬ ፊት ነው።

መቱ ውስጥ ግቢዬ ካሉት ክፍሎች ሁለቱን ለዩኒቨርሲቲ መምህራን አከራይቼ ነበር። አንዱ ሙቲሶ የሚባል ኬንያዊ፣ ሌላው ዣን የሚባል የኮንጎ ሰው ነው። በልጆቼ ዕድሜ ናቸው፤ እትዬ ይሉኛል። ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ይከራከራሉ። እኔ እንግሊዝኛን ከልጆቼ ደብተርና ከሬዲዮ ስለለቃቀምኩ ግማሹ ይገባኛል፤ የቀረውን ሙቲሶ በተሰባበረ አማርኛው ይሞላልኛል።

ክርክሩ ሁሌም ማን ገዛችሁ፣ ምን ትቶላችሁ ሄደ ነው። ሙቲሶ፣ እንግሊዝ መሬታችንን ቀምቶ አያቶቻችንን አሰረ፣ ግን ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት ትቶልናል፤ ዛሬ በምርጫ ብንጣላ ዳኛ ፊት እንቆማለን ይላል። ዣን ደግሞ፣ ቤልጂየሞች ጎማና መዳቡን ጭነው ሲወጡ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ኮንጎዊ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ታዲያ መንግሥት በምን እግሩ ይቁም ይላል። እሱ የተማረው በፈረንሳይኛ ስለሆነ እንግሊዝኛው ያደናቅፈዋል። ሁሌም ተሸናፊው እሱ ነው።

አንድ ምሽት ሙቲሶ እየሳቀ፣ “የእናንተ አገር እኮ መንግሥት ኖሮት አያውቅም” አለው። ዣን ተነስቶ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። ታረቁ ብዬ ሁለቱንም ለመንኩ፤ እሺ ይሉኛል እንጂ አያደርጉትም።

ኩርፊያቸው እንዳለ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሙቲሶ ማድቤቴ በር ላይ መጥቶ ቆመ። የዣን ወንድም የዣን ስልክ አልሠራ ሲለው፣ ድሮ ለክፉ ቀን ተብሎ በተሰጠው በሙቲሶ ቁጥር ደውሏል። አባታቸው ሞተዋል።

“አሁን ልንገረው?” አለኝ።

“አይሆንም ልጄ። መርዶ በምሽት አይነገርም። ራቱን ይብላ፣ ይተኛ። ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር እንነግረዋለን።”

“እኔን እኮ አያናግረኝም።”

“ልቅሶ ኩርፊያ አያውቅም” አልኩት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ያካፋ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ አባ ቶለሳ፣ ጎረቤቶቼ፣ ከኋላ ደግሞ ሙቲሶ፣ ድምፃችንን አጥፍተን በሩ ላይ ቆምን። ወጋችን ነው፤ ሐዘን ሰውን ብቻውን እንዳያገኘው ብዙ ሆነን እንሄዳለን። አባ ቶለሳ በከዘራቸው አንኳኩ።

ዣን ከፍቶ አየን። ተመለሰና ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ መጣ። በሁለት እጁ ዘረጋልን። በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረ፤ እኔ የሰማሁት “እትዬ፣ እትዬ” የሚለውን ብቻ ነው።

አባ ቶለሳ ወደ እኔ ዞረው፣ “ማል ጄዳ?” አሉኝ፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው። ምን እንደሚል እኔስ መች ገባኝ።

የገባው ሙቲሶ ነው። ሰዉን ገፍቶ አለፈ፤ ወረቀቶቹን ተቀብሎ እዚያው የዣን ቢጃማ ኪስ ውስጥ መልሶ ከተተለት። ከዚያ ሲነጋገሩበት ሰምቼ በማላውቀው ቋንቋ፣ ለካ በሁለቱም አገር በሚነገረው በስዋሂሊ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መርዶውን ነገረው። ዣን ግንባሩን ሙቲሶ ትከሻ ላይ ጥሎ አለቀሰ። ያኔ እኛም አለቀስን።

ዣን ባደገበት ከተማ ጎህ ሲቀድ ሰዎች በር ላይ ተሰብስበው ዝም ብለው ከቆሙ፣ ሰው ሊወስዱ የመጡ ናቸው። አጎቱን እንደዚያ ወስደውበታል። ይህን በኋላ ያስረዳኝ ሙቲሶ ነው። “ነግሮኝ ነበር እትዬ” አለኝ፤ “እኔ ግን ለክርክር የሚለው መስሎኝ ነበር።”

ልቅሶው እስኪያበቃ ሙቲሶ ከድንኳኑ አልወጣም። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ተነስቶ እንደ ወንድም የሚቀበለው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በረንዳዬ ላይ ቀጠለ፤ አሁን ግን በስዋሂሊ ነው። ቀድሞስ ለምን ተዋችሁት ብላቸው፣ ስለ መንግሥት የተማርነው በነጮቹ ቋንቋ ስለሆነ ነው አሉኝ። ከስዋሂሊው ክርክር አንድም ቃል አይገባኝም፤ ግን ዣን ብዙ ይናገራል፣ ሙቲሶ ደግሞ ያዳምጣል።

ሁለቱም ወደየአገራቸው ከተመለሱ ቆዩ። ያን ሁሉ ሰው ይዤ የሄድኩት በፍቅር ስለነበር አልጸጸትም፤ ፍቅርም እንደዚያ ሊያስፈራ መቻሉ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። አሁን መርዶ ስንሄድ ሌላው ሰው አጥሩ ጋ እንዲቆይ አደርጋለሁ። መጀመሪያ እኔ ብቻዬን እገባለሁ፤ ሳላንኳኳም የባለ ሐዘኑን ስም እጠራና፣ “እኔ ነኝ፣ ጎረቤትህ ነኝ” እለዋለሁ።