ሽማግሌዎችን ያስጠበቀው መኪና

ሐኪሙ «የደም ግፊትዎ እንዲወርድ አእምሮዎን የሚያረጋጋ ነገር ይያዙ» ባለኝ በሳምንቱ፣ ልጄ ከሥራ ስትመለስ አንድ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። ከውጭ በመጣ የሥራ ባልደረባዋ በኩል ያስመጣችው ነው። ክዳኑ ላይ ጭቃ የለበሰ የጭነት መኪና ተስሏል፤ ውስጡ ግን መኪና የለም። ያለው ከአራት መቶ የሚበልጥ ግራጫ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ፣ አንድ ማጣበቂያና በጀርመንኛ የተጻፈ መመሪያ ነው። የጀርመን ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነዳው መኪና ነው አሉ። ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ ያንሳል እንጂ ብሎኑ እንኳ አልተረሳም።

«በእንጨት የሚሄደው ነው፣ አባዬ» አለችኝ።

አንድ ጊዜ ኮተቤ መንገድ ላይ ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን ተሰልፈን ሳለ፣ ጀርመኖች ቤንዚን ሲያልቅባቸው መኪናቸው ጎን ላይ ምድጃ ገጥመው፣ ከታፈነ እንጨት በሚወጣ ጋዝ ይነዱ እንደነበር ነግሬያት ኖሯል። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ሰልፍ ላይ ሌላ ምን ያወራል። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሷ ግን ይዛዋለች።

የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩና ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የደም ግፊቴ ወጣ። ምስር የምታክል ቁራጭ በወረንጦ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ልክ ቦታዋ ላይ ላደርሳት ስል ፈንጠር ብላ ትጠፋለች። ከዚያ በጉልበቴና በእጄ ሶፋ ሥር እየዳህኩ ነው የማመሸው። አንድ ቀን የፍሬን ፔዳሉ ጠፋና ባለቤቴ ጠዋት ቤቱን እንደጠረገች ትዝ ሲለኝ፣ የቆሻሻውን ቅርጫት ግቢው መካከል ዘረገፍኩት። ፔዳሉን ከሽንኩርት ልጣጭ ውስጥ አገኘሁት። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ሐኪሙ እረፍት ያዘዘው ለማን ነው?» ብላ ገባች።

እንዲህ እያልኩ የመኪናውን አጽም፣ ሻንሲውን፣ እንዳቆምኩ ነው ሽማግሌ የመጣብን።

ነገሩን እናቷ ከወራት በፊት አውቃለች። ለእኔ የተነገረኝ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ስምንት ቀን ሲቀራቸው ነው። ሊያገባት ሽማግሌ የሚልከውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ እሷ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። እንከን አጥብቄ ፈለግሁበት። አይጠጣም፣ አይዋሽም፣ እናቱን ያከብራል። ያገኘሁበት ብቸኛ ጉድለት ቤቱ ጀሞ መሆኑ ነው። እኛ የምንኖረው የካ ሚካኤል ነው። ጀሞ ማለት ለእኔ ሦስት ታክሲ ቀይሮ፣ በየታክሲው ተጣልቶ የሚደረስበት ሌላ አገር ነው። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ፤ እሷን ወደዚያ መስደድ አልፈለግሁም። እውነቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን እሺም እምቢም አይባልም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ባለቤቴ የምናገረውን እንደ ተማሪ አስጠናችኝ። «ጥያቄያችሁን ሰምተናል፤ ከዘመድ አዝማድ ጋር ተማክረን በአሥራ አምስት ቀን መልስ እንሰጣለን» ነው የምለው። ሳልሳሳት ሦስት ጊዜ አልኩላት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ተቀመጡ ብንል «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። መሪያቸው የልጁ አጎት ናቸው፤ ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ የተከሉ። አሳምረው ተናገሩ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ከዚያ ሦስቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

«ጥያቄያችሁን ሰምተናል» አልኩ። የቀረው ከራሴ ብን ብሎ ጠፋ። ዓይኔ ማረፊያ ሲያጣ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ማጣበቂያው ስላልደረቀ ሻንሲውን ማንሳት አልቻልንም ነበር። «ይቺን መኪና ልጨርስና መልስ እሰጣለሁ» አልኩ።

ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር ተሰማ። ባለቤቴ ናት። መሪው ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ጎንበስ አሉ። ንቆናል ብለው ጥለውን ሊወጡ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

«መምህር» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «ባሌስትራው ስንት ቅጠል ነው?»

ለካስ ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአሰብን መንገድ በተሳቢ የተመላለሱ ሹፌር ኖረዋል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ስንት ቅጠል እንደሆነ ነገርኳቸው። በከዘራቸው ጫፍ ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን፣ ቸርኬውን እየጠቆሙ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ቀና ብለው ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አዩና «ሥራ የያዘ ሰው አይጣደፍም። ሲያልቅ ይደወልልን» ብለው ተቀመጡ። ሌሎቹም ግራ እንደተጋቡ ተቀመጡ።

ባለቤቴ እስከ እራት አላናገረችኝም። ልጄ ግን ስትስቅ ዋለች። ሳቋ ሲያልቅ «በስንት ቀን ያልቃል፣ አባዬ?» አለችኝ።

«እንደ ሥራው ነው» አልኳት፤ ዓይኗን ሳላይ።

ያኔ ነው ጥራት የሚባል ነገር የተገለጠልኝ። ከዚያ በፊት አንድ በር በአንድ ምሽት እገጥም ነበር፤ አሁን አንድ በር ሁለት ሳምንት ይወስድብኝ ጀመር። ቀለሙን ቀብቼ አልወደውም፣ ፍቄ እንደገና እቀባለሁ። መመሪያው ላይ የሌለ ሽቦ ሞተሩ ውስጥ ዘረጋሁ፤ ኮፈኑ ሲዘጋ ማንም አያየውም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ እላለሁ። ሽማግሌው በየቅዳሜው ጠዋት ይደውላሉ። ስለ ልጅቱ አንዲት ቃል አይወጣቸውም፤ ወጉን ያውቃሉ።

«መኪናው እንዴት ሆነልን?»

«ሞተሩ ገብቷል።»

«እሰይ። ባሌስትራውንስ አሰቡበት? ያ ቅጠል ለእኛ መንገድ አይችልም። ደብረ ሲና ሳይደርስ ይሰነጠቃል፤ እኔ ልንገርዎ፣ አንድ ይጨምሩበት።»

ሊያጣድፉኝ የተላኩ ሰው ሥራ ይጨምሩልኛል። እኔም ከዮጎርት ጣሳ ቀጭን ቅጠል ቆርጬ ለመጨመር አሥር ቀን ፈጀሁ። ስጨምር ከፍታው ተበላሸና አራቱንም ማስተካከል ግድ ሆነ። ባረኳቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ግን የሚጨመር ነገር አለቀ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን ልናገር። አንድ ረቡዕ ማንም ሳያየኝ የግራውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን ጭቃ መከላከያ፣ ቀጭ አድርጌ ሰበርኩት። «ወይ ጣጣ፣ ተሰበረብኝ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ቤት ውስጥ የሰማኝ የለም። ሐሙስ ከሰዓት ስመጣ ፓራፋንጎው ቦታው ላይ ነው። ስንጥቁ እንኳ አይታይም፣ እኔ ካጣበቅሁት ይልቅ ያምራል። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንደገና ሰበርኩት። እንደገና ተጠግኖ አገኘሁት። ባለቤቴ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት እንኳ ጎረቤት ነው የምትጠራው። እንደዚህ ያለ እጅ ቤታችን ውስጥ ያላት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የደም ጠብታ የምታይ። እራት ላይ ተያየን። ወጡን አቀበለችኝ።

የቀረው መኪናው ጎን ካለው ምድጃ አጠገብ የሚከመረው ማገዶ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የፕላስቲክ እንጨት አለ፣ ግን ጥራት ብዬ ጀምሬያለሁና እውነተኛ ባሕር ዛፍ ካልሆነ አልኩ። ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ። እኔ ግን እንጦጦ ወጣሁ፤ ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን ነው።

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ቁልቁለት ጎንበስ ብዬ የክብሪት እንጨት የምታህል ጭራሮ ስመርጥ፣ ትልቅ የእንጨት ሸክም ያዘለች ሴት አጠገቤ ደረሰች። ሸክሟን መንገድ ዳር ያለ ካብ ላይ አሳርፋ ላቧን ጠረገች። እጄ ላይ ያለውን አየችው።

«አባባ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው? ይቺማ ውሃም ለብ አታደርግ።»

«ለመኪና ነው» አልኳት።

«ቤንዚኑ ዛሬም የለም?» አለች። ከዚያ ከሸክሟ ሁለት ወፍራም እንጨት መዝዛ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። የተቸገርኩ መስሏት ነው። ኮት ለብሼ፣ ከራባት አስሬ፣ ጡረተኛ መምህር፣ ሸክም ያጎበጣት ሴት ስታዝንልኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አይ፣ መኪናው ትንሽ ነው፣ ይህን ያህል ነው ብዬ በእጄ ለካሁላት። ይበልጥ አዘነችልኝ።

«የሚልኩት ልጅ የለዎትም?»

«አንዲት ልጅ አለችኝ» አልኩ። «ልታገባ ነው። ይህን እንጨት ስጨርስ ትሄዳለች።»

ለማንም ያልተናገርኩትን ለማላውቃት ሴት ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። እንጨቶቿን ወደ ቦታቸው መለሰች።

«እኔም ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ» አለች። «ሁለቱም አግብተዋል። አንደኛዋ በየሳምንቱ እየመጣች ታየኛለች። አንደኛዋ አትመጣም። የማትመጣው ያኔ አትሄጂም ያልኳት ናት።»

ይህን ብላ ጭራሮዎቼን ከእጄ ወሰደችና በባሕር ዛፍ ልጣጭ አሰረችልኝ። ካቡ ላይ ካሳረፈችው ሸክም ጋር አንድ ዓይነት አስተሳሰር ነው፤ እሷ ቀልድ አላደረገችውም። ከዚያ ወገቧን አጥብቃ ሸክሟን አዝላ ሄደች። እኔም ስወርድ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ በእግሬ መጣሁ።

ማገዶውን በአንድ ምሽት ጨረስኩ። ቅዳሜ ሽማግሌው ሳይደውሉ እኔ ደወልኩ።

«አልቋል» አልኳቸው።

«ፍሬኑን አይተውታል?» አሉኝ ቀዝቀዝ ብለው።

«አይቼዋለሁ።»

«እንግዲህ ነገ በአራት ሰዓት እንመጣለን» አሉ፤ እሳቸውም ደስ ያላቸው አልመሰለኝም።

እሑድ ማለዳ ባለቤቴ ጓዳ ድስቶቿን ከባ ትራወጣለች። ሳሎን ስገባ መኪናው በአንድ ጎኑ ተንበርክኳል። የቀኝ የፊት ጎማው ወልቋል። ይህን እኔ አላደረግሁም፤ ለማንም እምላለሁ። ድመት ነው እንዳልል ጎማው ንጹሕ ሶፍት ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ድመት እንዲህ አያደርግም፣ ባለቤቴም ጊዜ የላትም።

ጎማውን በመዳፌ ይዤ የልጄን በር አንኳኳሁ። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እጄን አየችና አንገቷን ደፋች።

«አንድ ሳምንት ብቻ፣ አባዬ» አለች። «እወደዋለሁ እኮ። ማግባትም እፈልጋለሁ። ግን አንድ ሳምንት ብቻ።»

አራት ወር ሙሉ እኔ ስፈልገው የነበረውን ራሷ ይዛልኝ መጣች፤ እሺ ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«የነቀልሽው ጎማውን ብቻ ነው?»

«ጎማውን ብቻ።»

«ጎማው የሚገባበትን ዘንግስ አልነካሽም?»

«አልነካሁም።»

«እንግዲያው አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አልኳት። «ነይ፣ መኪናውን ያዢልኝ።»

እያለቀሰችም እየሳቀችም ተከተለችኝ። እሷ መኪናውን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች፣ እኔ ማጣበቂያውን ቀብቼ ጎማውን ቦታው ላይ አሳረፍኩ። ጣቷን ጣቴ ላይ አድርጋ አብራኝ ጫነች። እንዲህ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጥመን ጎንበስ እንዳልን የግቢው በር ተንኳኳ። ባለቤቴ ከጓዳ «ኧረ ሰዎቹ መጡ! የት ገባችሁ?» ብላ ተጣራች።

«ይዟል፣ አባዬ» አለች ልጄ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ከዚያ ጎማውን ለቀቅሁና ልከፍትላቸው ሄድኩ።