ባነር ላይ ያለፈው ሰውዬ

«"እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እህት! ባልሽ እኮ ጠበቃ ሊሆን ነው! ለእኛ ለጎረቤቶቻችሁ ቅናሽ አለው አይደል፣ ሂ ሂ ሂ!" ብላ ባለሱቋ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም ምን ልበላት? እ? የገዛ ባሌን ማለፍ መብራት እንጨት ላይ ከተሰቀለ ባነር ነው እንዴ የምሰማው?»

ሚስትየዋ ይህን ስትል የባለሱቋን ቀጭን ድምፅ፣ ሳቋን፣ በሳቋ መሃል አፍንጫዋን ሳብ የምታደርገውን ሳይቀር እየቀዳች ነው። እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ይረግጣል፣ እጇ የሰው ሱሪ ያሳጥራል፣ አፏ ባሏን ያሳጥራል።

«ቆይ እስቲ ላስረዳሽ...»

«ምኑን ነው የምታስረዳኝ? ማለፍህን ደበቅከኝ፣ እሺ ይሁን። ካባውን ማን ሰፋልህ?»

«የቱን ካባ?»

«ባነሩ ላይ የለበስከውን ነዋ! ትከሻው የተንጋደደ፣ ኮሌታው ያበጠ! ልብስ ሰፊ ሚስት ቤትህ ተጎልታ፣ አንተ ሄደህ ለሌላ ሰፊ ተለካህ! ማናት?»

እንግዲህ ሰውዬው እዚህች ጋ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። «አንቺዬ፣ ካባም አልለበስኩ፣ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውንም አላለፍኩ፤ እንደ አምናው ዘንድሮም ወድቄያለሁ» ቢላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ምን አደረገ? ዝም አለ። እዚያ ቤት ደግሞ ዝም ያለ ሰው እንዳመነ ይቆጠራል። ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አኮረፈች።

ሰውዬው ሥራው ችሎት ማስከበር ነው። ዳኛዋ በጓዳ በር ብቅ ስትል «ተነሱ!» የሚለው እሱ ነው። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሲጮኽ ኖሮ የገዛ ስሙ ጠፋና ሰፈሩ «ጋሼ ተነሱ» ይለዋል። አንዴ አማቱ ድንገት ከበር ሲገቡ ሳያስበው «ተነሱ!» ብሎ እንግዳውን ሁሉ ብድግ አድርጓል። ሴትዮዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጃቸው ይልቅ እሱን ይወዳሉ።

ሌላው ሥራው ምስክር ማስማል ነው። «ቀኝ እጅህን አንሳ። እኔን ተከትለህ በል» ይላል። ውሸታም ይሁን እውነተኛ፣ እሱ ፊት የቆመ ሁሉ ይምላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የጠበቆቹ ንግግር ነው፤ እሱንም የፈጀው ይኸው ንግግር ነው። ማታ እራት ላይ ማንኪያውን እንደ ጣት ቀስሮ «ክቡር ፍርድ ቤት! ደንበኛዬ በግ የሰረቀ ሳይሆን በጉ የተከተለው ሰው ነው!» ይላል። ሚስቱ ትስቃለች። ስትስቅ ደግሞ ያምርባታል። አንድ ቀን «ታዲያ አንተስ ለምን አትማርም?» አለችው። ጦሱ የመጣው ከዚህ ነው።

ፈተናው ምን ይመስላችኋል? ሕግ የሚባል ነገር የለበትም። «አምስት ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ሀ ከለ አጠገብ አይቀመጥም። ሐ ከመ በስተቀኝ ነው። ሠ ጫፍ ላይ አይሆንም። ታዲያ መሃል ላይ ማን አለ?» ይላል። ሌላው ተፈታኝ እርሳሱን ይዞ ሲያሰላ፣ ጋሼ ተነሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቀምጥ የኖረ ነውና ነገሩ ገና ሲያየው ገባው። ሀ ከለ ጎን አልቀመጥም ካለ ተካሰዋል ማለት ነው። ሐ ደግሞ «መ»ን ተጠግቶ ካልተቀመጥኩ የሚለው ምስክር ቢሆን ነው፤ ምስክር ደግሞ ቃሉን እስኪሰጥ ውጭ ይጠብቃል እንጂ ችሎት ገብቶ አግዳሚ አያሞቅም። ስለዚህ «ሐ»ን ከወንበሩ አስነስቶ አስወጣው። አራት ሰው ቀረ። አራት ሰው የሚል መልስ የለም። እሱም ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ምስክሩ ውጭ ይጠብቅ» ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። እንዲህ ሲል ወደቀ።

መጀመሪያ ሲወድቅ ለሚስቱ «ውጤቱ ዘገየ» አላት። ከዚያ ሁሉም ወደሚሮጥበት የፈተና ማዘጋጃ ኮርስ ሮጠ። ኮርሱ ያለው ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት በላይ ነው፤ ታች ጎማ ይነፋሉ፣ ላይ ተማሪ ይነፋሉ። መምህሩን ሁሉም «ጋራንቲ» ይለዋል፤ «መቶ በመቶ ጋራንቲ!» ሳይል ሰላምታ እንኳ አይሰጥምና። ይህንኑ ፈተና ደጋግሞ ወድቆ፣ ከማለፍ ማስተማር እንደሚቀል የገባው ዕለት ነው አሉ ኮርሱን የከፈተው።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። «ጥያቄውን አታንብቡ! ጥያቄ የሚያነቡት የሚወድቁት ናቸው! መልሱን እዩ። ረጅሙ መልስ ትክክል ነው። ሁለት ረጅም ካለ፣ ነጠላ ሰረዝ የበዛበት!» ተማሪው እሱን ይጽፋል። ኋላ ደግሞ በር ተዘግቶ፣ ስልክ ተሰብስቦ፣ «ከውስጥ የመጣ» የተባለ ጥያቄ በሹክሹክታ ታደለ። ጋሼ ተነሱ እንደ ጸሎት ሸመደደው። ፈተናው ሲመጣ ከዚያ ሁሉ አንድም አልነበረበትም። ከየት ውስጥ እንደመጣ እንጃ። ደግሞ ወደቀ።

ባነሩ የተሰቀለው በዚሁ ሰሞን ነው። ለምዝገባ የሰጠው ጉርድ ፎቶ በር አክሎ፣ ኮምፒውተር ካባ አልብሶት፣ ከሥሩ «በአንደኛነት አለፈ!» የሚል ተጽፎበት። ሰው ሁሉ አየው። ዳኛዋ እንኳ ችሎት ከመግባቷ በፊት «ጎበዝ!» አለችው። እሱም ደንግጦ «ተነሱ!» አለ፤ ገና ማንም ሳይቀመጥ።

ሚስቱ ባኮረፈችበት ማግስት ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጥቶ ጋራንቲን ያዘው።

«ፎቶዬን አውርድልኝ! እኔ ወድቄያለሁ!»

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ተማሪ ይሰማል።»

«ለምን ያለፈ ሰው ፎቶ አትሰቅልም?»

«ከየት አምጥቼ?» አለ ጋራንቲ፤ አለማፈሩ።

«ታዲያ እኔን ለምን?»

«ፊትዎ ይታመናላ! እርስዎን አይቶ የሚጠራጠር ማን አለ? ይስሙኝ፣ ቅዳሜ አዲስ ተመዝጋቢ ይመጣል። ሁለት ደቂቃ ብቻ። "እኔ አለፍኩ፣ እናንተም ታልፋላችሁ።" በነጋታው ባነሩን እኔው በእጄ አወርደዋለሁ።»

ጋሼ ተነሱ አሰበ። መፈተን የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ነው፤ የቀረችው አንዲት ናት። ባነሩ ቢወርድ፣ እሱም ድምፁን አጥፍቶ ቢያጠና፣ በመጨረሻዋ ቢያልፍ፣ ሚስቱ መቼ መዋሸቱን ታውቃለች? ውሸቱ ራሱ እውነት ሆኖ ያርፋል። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነ። ጠበቃ ባይሆንም ለራሱ መከራከር አያቅተውም። «እሺ» አለ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። በሩ ላይ ማን ጠበቀው? ሚስቱ! ወሬውን ባለሱቋ አድርሳላታለች። ሳምንቱን ሙሉ አኩርፋ መስሎት ነበር፤ ለካ ስትሰፋ ኖሯል። ከፌስታሉ ውስጥ ጥቁር ካባ አወጣች። ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ኮሌታው ልክክ ያለ።

«የዚያችን ሴትዮ ጨርቅ አንድ ቦታ ጣልልኝ» አለችና እላዩ ላይ ጣል አደረገችለት። ትከሻውን በመዳፏ አበስ አበስ አድርጋ «አሁን ሰው መሰልክ» አለች። ፊት ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ።

ጋሼ ተነሱ ላብ በላብ ሆኖ መድረኩ ላይ ወጣ። አዳራሹ ይንጫጫል። ጫጫታ ያለበት አዳራሽ ሲያይ ደግሞ አፉ እሱን አይጠይቀውም።

«ተነሱ!»

አዳራሹ በሙሉ ብድግ። ጋራንቲም ብድግ። ፀጥ አለ። ከፀጥታ ቀጥሎ የሚመጣውን እጁ ያውቃል፤ ቀኝ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። አፉም ተከተለ። «በምሰጠው ቃል እውነቱን ልናገር፣ ከእውነቱም ምንም ላልደብቅ እምላለሁ።»

ይህን ብሎ እጁን ሲያወርድ ነው የሠራው ሥራ የገባው። ጋራንቲን አየ። ሚስቱን አየ። ስንቱን ሲያስምል የኖረ ሰው፣ አሁን ራሱን አስምሎ አረፈው።

«ወድቄያለሁ» አለ። «ሁለቴ። ከዚህ ኮርስ በፊት አንዴ፣ ከዚህ ኮርስ በኋላ አንዴ። ባነሩ ላይ ያለውን ካባ ያለበሰኝ ኮምፒውተር ነው። ይሄን የሰፋችው ሚስቴ ናት። እሷም መውደቄን የሰማችው አሁን ነው፣ ከእናንተ እኩል።»

ከሥር ጎማ ሲተነፍስ ይሰማል። ጋራንቲ ግን፣ የሰውየው ነገር! ማጨብጨብ ጀመረ።

«አያችሁልኝ? አያችሁልኝ? እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው የሚያፈራ ሌላ ኮርስ ካለ ንገሩኝ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዷ ተመዝጋቢ ዓይኗን እየጠረገች «ቢያንስ እዚህ አይዋሹም» ስትል ተሰማች። የምዝገባው ሰልፍ ደረጃውን ወርዶ ጎማ ቤቱ ደረሰ። ባነሩማ በነጋታው ወረደ፤ በቃሉ የሚገኝ ሰው ነው። በምትኩ «እውነተኛው ጋሼ ተነሱ የተማሩበት!» የሚል ሰፋ ያለ ተሰቀለ።

ባልና ሚስቱ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። በኋላ እሷ ቆም አለች።

«እና ሌላ ሰፊ የለችም?»

«የለችም።»

«ኮምፒውተር ነው?»

«ኮምፒውተር ነው።»

«ታዲያ ለዚህ ነው ትከሻው!» አለች፤ ደረቷን ነፋ አድርጋ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ወድቄያለሁ ብትለኝ ምን አደርግህ ነበር?»

«ትስቂብኝ ነበር።»

«እስቃለኋ! ከዚያስ? ስስቅ አይተኸኝ አታውቅም? ስንት ቀን ነው ላላለፈ ሰው አንገት ኮሌታ ስለካ የከረምኩት፣ አንተ ምን ቸገረህ!» አለቀሰች። እሱ እጇን ሊይዝ ሲል ቦርሳዋን አስያዘችው። እስከ ቤት ተሸከመ።

አሁን እዚያ ቤት ማምሻውን ሥራ ሲፈታ ማየት ነው። የስፌት ጠረጴዛው ላይ አምስት ክር ተደርድሯል። ሚስቱ ጠመኔዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትፈትነዋለች፤ የሌሎቹን ቦታ ነግራ ጨርሳ ቀዩ ላይ ደርሳለች።

«ቀዩ ከነጩ አጠገብ አይቀመጥም። መሃል ላይ ማን አለ?»

«ነጩ ምን አድርጎት ነው?»

«ምንም! ክር ነው! ክር አይካሰስም!»

«እንዲያው ዝም ብሎ ነው አልቀመጥም ያለው?»

«እንዲያው ዝም ብሎ!»

ጋሼ ተነሱ ቀዩን ክር አነሳ፣ አገላብጦ አየው፣ የሆነ ነገር እንዲናዘዝለት እንደሚጠብቅ ሁሉ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ሰማያዊውን መሃል አደረገ። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«ልክ ነህ» አለች፤ ደስታዋ እንዳይታወቅባት እያሳለች።

«ልክ ነኝ?»

«አንዷን ነው ልክ ያልኩህ፣ አትንጠራራ። ቀጥል።»

ሁለተኛዋንም አገኛት። ሦስተኛዋ ላይ እርሳሱን ነክሶ ሲያስብ ዓይኑ ወደ በሩ ዞረ፤ ይህን ታሪክ ደፉ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ፣ የእኔ የጎረቤታቸው እጅ ወረቀት ላይ ሲሮጥ አየ።

«አንቺ ደግሞ የሰው ቤት ደፍ ላይ ተቀምጠሽ ምንድነው የምትሞነጫጭሪው? ባለሱቋ አልበቃ ብላኝ ነው? መውደቄን አገር ሰምቷል፣ ካባዬን አገር አይቷል፤ አሁን ደግሞ በክር መማሬን? የቀረችኝ አንዲት ፈተና ናት። እንዳልፍ ከፈለግሽ ብዕሩን አስቀምጪና ጥያቄውን አንብቢልኝ። አቁሚ! አትጻፊ አልኩሽ እኮ!»