የእትዬ ገልብጤ ኮምፒውተር

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል። የእኛ ግቢ ግድግዳ ግን አፍም አለው። በእትዬ ገልብጤ ቤት የሚሆነውን ሁሉ ሳንጠይቅ እናውቃለን፤ ብንጠይቅማ ገና ያልሆነውንም እናውቅ ነበር።

እትዬ ገልብጤ ልብስ ሰፊ ናት። ስሟን ያወጣላት ሥራዋ ነው። የኮት ፊቱ ሲያረጅ ትተረትረዋለች፣ ጨርቁን ትገለብጠዋለች፣ ፀሐይ የመታው ፊቱ ወደ ገበሩ ይገባና ውስጡ ፊት ሆኖ ይወጣል። ባለ ኮቱም "አዲስ አሰፋ" ተብሎ ለአንድ ሰሞን ይታማል። ነገሩ የሚነቃው በደረት ኪሱ ነው፤ ጨርቅ ሲገለበጥ ግራ የነበረው ኪስ ቀኝ ይሄዳል። በእኛ ሰፈር ግን ወንዱ ሁሉ ኪሱ በቀኝ ስለሆነ ማንም በማንም አይስቅም።

ባሏ ጋሼ ሬዲዮ ደግሞ እዚያው ክፍል ጥግ ላይ፣ ሆዳቸው በተከፈተ ሬዲዮዎች መሐል ተቀምጦ ያረጀ ሰው ነው። ዝም ያለ ሬዲዮ አምጥተውለት ሳያናግረው የቀረ የለም። "ምናለ ለሚስቱም ዝም ማሰኛ ባገኘላት" ይሉ ነበር ጎረምሶቹ፣ ሱሪያቸውን ልታሳጥር ስትለካቸው እየተሳቀቁ።

ከጊዜ በኋላ ዓይኑ ላይ ጭጋግ ወረደ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየወፈረ ሄደ። ሐኪሙ መመለሻ እንደሌለው አልደበቀውም፤ "ብርሃኑ ጨርሶ ሳይሄድ ማየት የሚፈልጉትን ይዩ" አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ባሕር ውሰዱኝ ይላል። ጋሼ ሬዲዮ ግን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አቧራ የጠጣች ካርቶን አስወረደ። ታናሽ ወንድሙ ድሮ የላከለት፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም የኮምፒውተር ዕቃ ነበረባት፦ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ እንደ ስልክ የተደረደሩ የቁጥር ቁልፎች፣ ቁጥር በመስመር በመስመር የሚበራባት ጠባብ መስኮት። ሲደላኝ እሠራታለሁ ብሎ ነበር ያስቀመጣት።

"ስትበራ ልያት። ሌላ አልፈልግም" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሽቦና ጣትህን መለየት አቅቶህ?"

"ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ ነገሩ ከነሽቦው እዚህ አለ" አለ ግንባሩን እየነካ። "እጅ ደግሞ አንቺ አለሽ።"

እንዲህ ተጀመረ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከሐሳቡ ያነባል፣ እሷ የብየዳ ካውያውን እንደ መርፌ ይዛ እርሳሱን ታቀልጣለች። "ጠብ አድርጊው፤ አትቀቢው።" "ቀባሁ እንዴ?" "ሸተተኝ።" የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጭሱ ላይ ትተኛለች። መስቀያው ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ኮቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የሚያዳምጡ ይመስላሉ። የስፌት መኪናዋ እንኳ አንገቷን ደፍታ ያሸለበች ነበር የምትመስለው። ክፍሉ መሬት ላይ ይሁን ውሃ ላይ የማይታወቅበት ሰዓት ነበረው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ሽቦ ገባ። ማብሪያውን ተጫነች።

"ምን ይላል?"

"ቀይ ነው። ስምንትን ስነካው ግን ዜሮ ይላል። አንድን ስነካውማ... ምን ልበልህ፣ ወገቡ የተቆረጠ ሦስት።"

ጋሼ ሬዲዮ አፍንጫው መስኮቷን እስኪነካ ጎንበስ አለ። ክር የምታህል ብርሃን ጭጋጉን ልታልፍ አልቻለችም።

"ለእኔ ጨለማ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

የጓሮዋ ጎረቤታችን ድስቷን ከእሳት አውርዳ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

"ስምንት ማለት ቀበቶ የታጠቀ ዜሮ ነው" አለ ለራሱ የሚያወራ ያህል። "የጠፋው ቀበቶው ብቻ ከሆነ መስኮቷ ደህና ናት፤ ቀበቶውን የሚያበራው አንድ የሽቦ እግሯ ነው ያልያዘው። ስምንትን አብሪና እግሮቿን በየተራ ጫን ጫን አድርጊያቸው። በእንጨት እንጂ በብረት እንዳይሆን።"

የእንጨት የሹራብ መርፌዋን አነሳች። አንዷ እግር ላይ ስትደርስ ጮኸች።

"ታጠቀ! ... ኧረ ፈታ! ... ታጠቀ!"

"እሷው ናት። እርሳሱ ላይዋ ላይ ተቀመጠ እንጂ እግሯን አልጨበጠም።"

ላዩን ብቻ ነክቶ ያለፈ ስፌት ማለት ነው፤ ይኼ ገባት። ማብሪያውን አጥፍታ፣ እግሯን አሙቃ፣ እርሳሱ ውስጥ ድረስ እስኪሰርግ ጠበቀች።

"አሁን ስምንት ስምንት ሆነ። አንድ ግን ሦስት ይላል፤ ሦስትም አንድ።"

"አራትስ?"

"ስድስት።"

"አምስት?"

"እሱ ራሱን ነው።"

ጋሼ ሬዲዮ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሰ መስሏት ልትነካው ስትል ሳቁ አመለጠው።

"አንቺ ሴት፣ የቁልፎቹን ሽቦ ስትበይጂ በየት በኩል ነበር የያዝሻቸው?"

"በውስጡ በኩል ነዋ! በፊቱ የሚሰፋ የት አይተሃል?"

"ግራውን?"

"ከግራ አስገባሁት።"

"ሲገለበጥስ?"

ዓይኗ መስቀያው ላይ ወደተሰለፉት ኮቶች ሄደ፤ ኪሳቸው ሁሉ በቀኝ።

"የኮምፒውተሬን ኪስ በቀኝ አድርገሽልኝ ቁጭ!" አለ እንባውን እየጠረገ። "ስም ያወጣልሽ ሰው ነቢይ ነው።"

"ዝም በል፤ ተርትሮ መስፋት ለእኔ አዲስ ነው እንዴ?"

የመሐሉን ሽቦ ሳትነካ የግራና የቀኙን ፈታ አቀያየረቻቸው። ከዚያ ተነሳች። ኮቶቹን አንድ በአንድ ከመስቀያ አውርዳ መስኮቱ ላይ፣ በበሩ ስንጥቅ ላይ ሰቀለቻቸው። የቀረችው የቀን ብርሃን ከክፍሉ ወጣች። በጨለማው ውስጥ ወንበሩን ስባ አስጠጋችው፤ መስኮቷ ከዳር እስከ ዳር እስክትሞላ አንዲት ቁልፍ ደጋግማ ነካች።

ጎንበስ ብሎ ወደ መስኮቷ ተጠጋ።

"አትንኪው" አለ። "... እዚያ ጋ። ጉም ውስጥ እንደ ፍም ያለ ነገር።" እጁን ዘርግቶ ሳይነካው አጠገቡ አቆመው፤ ጣቶቹ ቀሉ። "ስንት እንደሆነ አትንገሪኝ። መስመሩ ሁሉ ባይበራ እኔ አላየውም ነበር። ስምንት ነው። ስምንት ብቻ።"



ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ ኮቶቹ መስኮቱ ላይ ይወጣሉ። ኮት ሊወስድ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኮቱ ሥራ ላይ ነው። አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ አንገቱን አስገባ።

"እትዬ፣ ይኼ ኮምፒውተር ግን ምን ይሠራል?"

"ስምንት ይላል።"

"ሌላስ?"

"ሌላውን እኔ እላለሁ" አለችና በሩን ዘጋችበት።