የረጋው ጠርሙስ

ደብረ ብርሃን ቤተ ሙከራ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዶክተር ሰናይት ወንበር እንኳ ሳታሳየኝ ሁለት መዳፎቿን አጣበቀችልኝ። "እነዚህ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። እንዲህ ተጣብቀው እስካሉ የካንሰሩ ሕዋስ አይሞትም። መሀላቸው ገብታ የምታላቅቅ ትንሽ ሞለኪውል ሥራልኝ" አለችኝ።

መዳፎቿን አየሁ። ጥፍር የሚያስገባ ስርጉድ የላቸውም። የሙያችን ጣጣ ይኸው ነው፤ ሌላው መድኃኒት የሚሸጎጥበት ጎድጓዳ ያገኛል፣ የእኛ የሚያርፈው ልሙጥ ላይ ነው።

ዓመታት በኮምፒውተር እየነደፍን፣ በብልቃጥ እየሠራን፣ እየጣልን ኖርን። አርባ አንድ ያልናትን ሞለኪውል አንድ የኅዳር ማለዳ ፈተንኳት። ፕሮቲኖቹ ተላቀቁ። ዶክተር ውጤቱን ሁለቴ አየችና የእንስሳት ሙከራ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። እኔ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ጎረቤላ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

በእኛ ቤተ ሙከራ አንዱ ያገኘውን ሌላው መድገም አለበት። የደገመችው ዘሃራ ናት፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ፣ የኮንትራት ቴክኒሻን፣ እጇ የተረጋጋ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየደገመች ሞከረች። ፕሮቲኖቹ ንቅንቅ አላሉም።

"የሆነ ነገር አበላሽተሻል" አለቻት ዶክተር። የዘሃራ ኮንትራት ወሩ ሲያልቅ ያበቃል። የማደሻው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ዶክተር ሳትፈርም ገለበጠችው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ኮሪደሩ ላይ ዘሃራ ጠበቀችኝ። "ጋሼ፣ ወላሂ አንድም ነገር አልዘለልኩም። እርስዎ እንዴት እንደሠሩት ያሳዩኝ።"

በማግስቱ በማለዳ አብረን ገባን። ቤተ ሙከራው ማሞቂያ የለውም። ሞለኪውሏ የሟሟችበት ዲኤምኤስኦ የሚባል ፈሳሽ ደግሞ አሥራ ስምንት ዲግሪ ግድም ሲደርስ መርጋት ይጀምራል። ጠርሙሱን ሳነሳ ግማሹ እንደ ቅቤ ረግቷል። ከላይ ካለው ፈሳሽ ልቀዳ ፒፔቴን ሰደድኩ።

"ሳይቀልጥ ነው የሚቀዱት? እኔ አሙቄና አናውጬ ነው።"

"ለእኔ የሚበቃ ፈሳሽ አለ" አልኩና እጄ ባለበት ቀረ። መጀመሪያ የሚረጋው ማሟሚያው ነው፤ ሞለኪውሏ ባልረጋው ውስጥ ትከማቻለች። ያን የኅዳር ማለዳም እንዲሁ ነበር የቀዳሁት፤ የጨመርኩት መዝገብ ላይ ከጻፍኩት በብዙ እጥፍ የወፈረ ነበር። ፕሮቲኖቹን ያላቀቃቸው ብዛቷ እንጂ ችሎታዋ አልነበረም።

ዘሃራም ገብቷታል። "እኔ ብናገር ዶክተር አይሰሙኝም" አለች።

ዝም ብል ማመልከቻው ይሄዳል፣ እሷም ትሄዳለች። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ አመነታሁ። ከዚያ ዶክተር ቢሮ ገባሁ።

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከረጋ ጠርሙስ ቀድቻለሁ። የዘሃራ ውጤት ትክክል ነው።"

ዶክተር ብዕሯን አስቀመጠች። "ይህን ሥራ ከጀመርክ ስንት ዓመትህ ነው?"

"ብዙ ነው።"

ማመልከቻውን ቀደደችው። ደብዳቤውን መልሳ ገልብጣ ፈረመች። ውጣ እንኳ አላለችኝም፤ በራሴ ጊዜ ወጣሁ።

አርባ አንድን ጣልናት። ዘሃራ ዛሬም ትሠራለች፤ ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ እንደ ድሮው ግን አታጫውተኝም። አልፈርድባትም። እሷ ስትወቀስ ቆሜ የሰማሁት የእኔ ውጤት ስላማረኝ ነው። ሁለት ውጤቶች ሲለያዩ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ያስደሰተን ነው።