ከጣውላው በታች

ትምህርት ቤታችንን የሠራው ጣሊያን ነው፤ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ነበር ይባላል። ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን ግድግዳው ወፍራም ጥቁር ድንጋይ፣ የላይኛው ወለል ደግሞ ጣውላ ነው። ምድር ቤቱ ዕቃ ማከማቻ ስለነበር መስኮቶቹ ጠባብና ባለ ብረት ናቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌው እስር ቤት ሲጠበው ዓይኑን የጣለው እነዚያ መስኮቶች ላይ ነው። እኛን ፎቅ ላይ አጨናንቀው ምድር ቤቱን በእስረኛ ሞሉት።

ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። አባቴ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበር። የቆሰለ ወጣት ደብቀህ አክመሃል ብለው ከሥራው ላይ ወሰዱት። እናቴ ስንቅ ይዛ ከቀበሌ ቀበሌ ብትዞርም ሁሉም «እኛ ዘንድ የለም» አሏት።

አንድ ጧት ጂኦግራፊ እየተማርን ከእግሬ ሥር ሳል ሰማሁ። አባቴ አስም ስለነበረበት ሳሉ ሲያልቅ እንደ ፉጨት ያደርገው ነበር። ከሺህ ሰው መካከል ብሰማው አልስተውም። እርሳሴን የጣልሁ መስዬ ጎንበስ አልሁ። በጣውላው ስንጥቅ የእርጥብ ድንጋይና የላብ ሽታ መጣ። ደግሞ ሳለ።

መምህራችን ኮሶዬ ከሚባል ደጋ አገር የመጡ ሰው ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ምነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አባቴ ነው» አልሁ፤ ወለሉን እያየሁ።

ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ሰሌዳው ሄዱና «በይ ተነሽ፣ ስለ ዓባይ ተፋሰስ ያለውን አንብቢልን። ኋላ ያሉት እንዲሰሙ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አሉ።

መጽሐፉን ገልጬ ጀመርሁ። ከታች የነበረው ሳል ጸጥ አለ። አንብቤ እስክጨርስ ድረስ ደግሞ አልተሰማም።

ከዚያ ወዲያ የማነበው እኔ ሆንሁ። ክፍሉ ውስጥ ምክንያቱን የጠየቀኝ የለም። አንድ ቀን እያነበብሁ ሳለ ደረጃው ሲንቋቋ ሰማን። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው ይህ ጩኸት? ለማን ነው የምታነበው?»

«ለክፍሉ ነው፣ ጓድ። ፈተና ደርሷል» አሉ መምህሩ።

«ምነው ሁልጊዜ እሷ ብቻ?»

ይኼኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሣች፤ እኔና እሷ ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። እኔ ካቆምሁበት ተቀብላ፣ ከእኔ በላይ ጮክ ብላ ቀጠለች። ጠባቂው ጥቂት አዳመጠና ጣውላውን በጫማው መታ መታ አድርጎ ወረደ።

በማግሥቱ ከታች ምንም ድምፅ አልነበረም። እስረኞቹን በመኪና ጭነው ወስደዋቸዋል። ያን ክረምት እናቴም እኔም እህል አልቀመስንም ማለት ይቀላል።

አባቴ መስከረም ላይ ተፈታ። ከስቶ፣ ጠጉሩ ሸብቶ መጣ። እኔን አቅፎ ብዙ ከቆየ በኋላ «ከአንቺ ቀጥላ ያነበበችው የማን ልጅ ናት?» አለኝ።

ላመሰግናት ቤቷ ሄድሁ። በሩን የከፈተችልኝ ጥቁር ለብሳ ነው።

«ወንድሜም እዚያው ታች ነበር» አለችኝ። «ድምፄን ሰምቶ ይሆን? አባትሽን ትጠይቂልኛለሽ?»