ሜትሯ የለካችው ሰፈር

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሯ» ነው የሚላት። ልብስ ሰፊ ናት፤ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ጨርቅ በግምት የሚቆርጥ ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል። እኔ ታናሿ ነኝ። እሷ መንገድ ዳር ባለችው ሱቋ ከስፌት ማሽኑ ጋር ታድራለች፤ እኔ ደግሞ ከአልጋ ከማትነሳው እናታችን ጋር ጓሮ ባለችው ክፍል እኖር ነበር። ክፍሏን አባታችን ያለ ፈቃድ ነው የሠራት። በሰፈራችን ጓሮ ካሉት ክፍሎች ፈቃድ ያለው አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም።

የከተማው ጽሕፈት ቤት ለሰፈር መሪነት የሚሠለጥን ነዋሪ ምረጡ ሲል እሷ ተመረጠች። ለስድስት ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ ዋለች። ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ፣ የተጣላ ጎረቤት እንዴት እንደሚታረቅ ተማረች። ስትመለስ የእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታወራልናለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወገብ ስትለካ ኖራ፣ «ያንቺስ አስተያየት?» የሚላት ሰው ስታገኝ ፊቷ በራ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አሠልጣኙ የቤት ሥራ ሰጣቸው፤ የሰፈራችሁን ካርታ ሥሩ፣ ቤቱንና ነዋሪውን ጻፉ አላቸው። ሌሎቹ ሠልጣኞች ወረቀት ላይ አራት አምስት ሳጥን ሥለው ተገላገሉ። የኔዋ እህት ግን ሜትሯን ይዛ በር ለበር ዞረች። ግድግዳ ለካች፣ ሰው ቆጠረች፣ «ይቺ ጓሮ ያለችው መቼ ተሠራች?» እያለች ጻፈች። ሰዉም አመናት፤ አንዳንዱማ የሜትሩን ጫፍ ራሱ ይዞላታል። እምቢ ያለቻት ዳቦ ሻጯ ብቻ ናት። «ቤቴ ቀሚስ አይደለም፣ ሂጂልኝ» ብላ በሩን ዘጋችባት።

የኔም ሆድ አልወደደውም።

«እትዬ፣ የኛን ክፍል ተያት። ምን ቸገረሽ?» አልኳት።

«የሰው ጽፌ የእናቴን ልደብቅ? ምኑን መሪ ሆንኩት ታዲያ?»

«የቤት ሥራ እኮ ነው። ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ» አለችና ጻፈቻት። ሦስት በሁለት ተኩል፣ ሁለት ነዋሪ፣ አንዷ የአልጋ ቁራኛ።

ካርታዋ አንደኛ ወጣ። አሠልጣኙ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጥፎ አስጨበጨበላት። ከዚያ ማን እንዳነሳው እንጃ። ሁለት ወር ሳይሞላ የከተማው ጽሕፈት ቤት አፍራሾች መጡ፤ ኃላፊያቸው የያዘው ወረቀት የእህቴ እጅ ጽሑፍ ነበር፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ። ሌላ መዝገብ አልያዙም። እሱን እያዩ፣ በተራ ቁጥሩ እየጠሩ፣ አስራ ዘጠኝ ክፍል እስከ ቀትር አፈረሱ።

እህቴ ኃላፊውን ክንዱን ይዛ «ይሄ ለትምህርት የሠራሁት ነው» ትለዋለች።

«ጎበዝ ነሽ፤ አንድም ስህተት አላገኘንበትም» አላት። የምሩን ነበር። እኔ እዚያው ብቀብረው ደስ ባለኝ።

ጓሮ ከነበሩት የተረፈችው የዳቦ ሻጯ ክፍል ብቻ ናት፤ ወረቀቱ ላይ የለችማ። የእህቴ ሱቅ አልጋ ስለማያስገባ እናቴን ከነፍራሿ ተሸክመን ዳቦ ሻጯ ዘንድ አስገባናት።

«እናታችሁ የኔም እናት ናት» አለችኝ ዳቦ ሻጯ። «እህትሽ ግን ደጄን እንዳታልፍ።»

አልተከራከርኳትም። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። እህቴን ሰላም የሚላት ጎረቤት የለም፣ ልብስ የሚያሰፋትም ጠፍቷል። ክፍሎቹ በምን ተገኝተው እንደፈረሱ ለእናቴ የነገራት ሰው የለም።

እህቴ በየጠዋቱ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። በሩን ገርበብ አድርጌ ዕቃውን እቀበላትና መልሼ እዘጋለሁ። እናቴ ደግሞ ጆሮዋ ደህና ነው። ትናንት «ማነው ያንኳኳው?» አለችኝ።

«ማንም አይደለም፣ እማዬ።»

«እህትሽም ጠፋች። ምን አስቀይመናት ይሆን?»

የእህቴን ኮቴ ሲርቅ አልሰማሁም፤ በሩ ሥር ቆማለች።

«ምንም። ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩ፣ ውጭ ድረስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።